እርሻ ለመግባት ያሰበ ወገን ስለ ዋሽንግተን በጀት ማወቅ ያለበት

ከወገን ጋር ቁጭ ብለን የእርሻ ነገር ከተነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «እዚህ አገር መንግሥት ለገበሬ ብር ይሰጣል አሉ፤ እውነት ነው?» እውነት ነው፣ ይሰጣል። ግን የትኛው ብር፣ ለየትኛው ገበሬ፣ መቼ ነው የሚደርሰው? ይህን ሳያጣሩ መሬት የተከራዩና ትራክተር በብድር ያነሱ ሰዎች አውቃለሁ። ብሩ የመጣላቸው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ነው። ለአንዳንዶቹ ጭራሽ አልመጣም።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በኪራይ መሬት ላይ አትክልት አመርታለሁ። የአበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ ነው። ለሐበሻ ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ እወጣለሁ። ሥራውን ስጀምር የሚያሳስበኝ ውርጩ፣ ሚዳቋውና አረሙ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ ሳየው ዋሽንግተን ላይ የሚወሰነው ነገር ከውርጩ እኩል መደቤ ድረስ ይመጣል። እንዴት እንደሚመጣና እኔ እንዴት እንደምጠነቀቅ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የግብርና ሚኒስቴሩ ቢሮ ቀነ ገደብ ሁሉ በዚያ ስለሆነ።

ነገሩ የሚጀምረው ፋርም ቢል ከሚሉት ሕግ ነው። ኮንግረስ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ያድሰዋል። መነሻው 1933 ነው። ያኔ የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው መሬቱን ለባንክ እያስረከበ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕጉን ፈረሙና ገበሬው ምርቱን እንዲቀንስ ይከፈለው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ እየሰፋ ሄደ። ዛሬ ድጎማውን፣ ብድሩን፣ የአፈርና የውሃ ጥበቃውን፣ የሰብል ኢንሹራንሱን፣ ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጠውን የምግብ መግዣ ብር፣ ፉድ ስታምፑን ሁሉ በአንድ ይዟል። የ2018ቱ ሕግ ሲወጣ ለአሥር ዓመት 867 ቢሊዮን ዶላር ያስወጣል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ስናፕ ነው፤ እኛ አሁንም ፉድ ስታምፕ የምንለው።

ፉድ ስታምፕን ከእርሻ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የድምፅ ሂሳብ ነው ያገናኘው። ሁለቱ በአንድ ሕግ የተጣመሩት በ1973 ነው። የገጠር ተወካዮች ብቻቸውን ሕጉን ለማሳለፍ ቁጥራቸው አይበቃም። የከተማ ተወካዮች ደግሞ ስለ በቆሎ ድጎማ የሚጨነቁበት ምክንያት የለም። ስለዚህ «እናንተ ለድጎማው እጅ አውጡ፣ እኛም ለምግቡ እናወጣለን» ተባባሉ። ስምምነቱ ለአርባ ዓመት ያህል ሕጉን ሲያሳልፍ ኖረ። በ2013 የተወካዮች ምክር ቤት ሁለቱን ሊነጣጥል ሞክሮ ነበር፤ በ2014 ግን ተመልሰው አብረው ጸደቁ።

በጁላይ 4 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሙት ትልቁ የበጀት ሕግ ያንን ስምምነት ክፉኛ ጎዳው። ሕጉ የመጣው በሴኔት በተራ አብላጫ ድምፅ በሚያልፍበት መንገድ ስለሆነ የተቃዋሚው ፓርቲ ድምፅ አላስፈለገም። ለትልልቆቹ ሰብሎች ድጎማው ጨመረ። ከፉድ ስታምፕ ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 186 ቢሊዮን ዶላር ተቀነሰ። እንደ እኔ ላለ አትክልት አምራች ይህ በሁለት በኩል ኪሳራ ነው። ከጨመረው አይደርሰኝም፣ ከተቀነሰው ግን ደንበኛዬ ይጎድላል።

ድጎማው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ድጎማ የሚሰጠው ለበቆሎ፣ ለአኩሪ አተር፣ ለስንዴ፣ ለገብስ፣ ለሩዝ፣ ለጥጥ፣ ለኦቾሎኒና ለጥቂት ሌሎች ነው። ምስርና ሽምብራ አሉበት። ጤፍ አይዳሆ ውስጥ ለብዙ ዓመት ቢዘራም ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጎመንማ ከነጭራሹ የለም፤ አትክልትና ፍራፍሬ «ስፔሻልቲ ክሮፕ» በሚል ሌላ መዝገብ ነው የሚቀመጠው። ሕጉ ከዝርዝሩ ላሉት ሰብሎች የመነሻ ዋጋ ይቆርጣል። ገበያው ከዚያ በታች ሲወርድ መንግሥት ልዩነቱን ይሞላል። በ2025ቱ ሕግ የበቆሎው መነሻ በቡሽል (እዚህ አገር እህል የሚሰፈርበት መለኪያ ነው) ከ3.70 ወደ 4.10 ዶላር ወጣ። የአኩሪ አተሩ ከ8.40 ወደ 10 ዶላር፣ የስንዴው ከ5.50 ወደ 6.35 ዶላር አደገ። አንድ ሰው በዓመት የሚቀበለው ጣሪያም ከ125,000 ወደ 155,000 ዶላር ከፍ አለ። እናም ቴሌቪዥን ላይ «ለገበሬዎች ቢሊዮኖች ተመደበ» ሲባል የምትሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው። ያንን ሰምታችሁ የቃሪያ እርሻ በጀት እንዳትሠሩ።

ታዲያ ለእኛ ምን አለ? አለ። አነስተኛ ብድር አለ። የአፈርና የውሃ ጥበቃ ወጪ መጋራት አለ። ኢንሹራንስ ለማይገኝለት ሰብል የጉዳት ዋስትና አለ። ደንበኛው በፉድ ስታምፕ አትክልት ሲገዛ ገንዘቡን እጥፍ የሚያደርግለት ፕሮግራምም አለ። በእነዚህ ተጠቅሜያለሁ፤ ብዙዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ብሩን የሚያገኘው ከተለያየ ኪስ ነው። እኔ ከምንም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። አንድ ፕሮግራም ሲነገራችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ይሰጣል?» ሳይሆን «ብሩ ከየት ኪስ ነው? ሕጉስ መቼ ያበቃል?» ይሁን።

ኪሶቹ እንዲህ ናቸው። አንዱ ሕጉ ራሱ ለዓመታት የመደበው ነው፤ ኮንግረስ በየዓመቱ ባይነካውም ይፈሳል። የሰብል ኢንሹራንስና ዋናው ድጎማ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሌላው በየዓመቱ በጀት ሲጸድቅ ብቻ የሚሰጥ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአንድ ጊዜ ነው፤ በኮቪድ ጊዜ ወይም በሌላ ልዩ ሕግ የመጣ፣ ሲያልቅ የሚያልቅ። እዚህ ላይ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የመጀመሪያው ኪስ ሙሉ ቢሆንም ቼኩን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ደመወዙ የሚመጣው ከዓመታዊው በጀት ነው። በጀቱ ካልጸደቀ ቢሮው ይዘጋል። ቢሮው ከተዘጋ ብሩ ቢኖርም የለም።

ይህ በራሴ ላይ ደርሷል። በ2018 መጨረሻ አነስተኛ ብድር ጠይቄ ፋይሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በዲሴምበር 22 መንግሥት ተዘጋ። 35 ቀን ነው የተዘጋው። ለሌላው ሰው የበዓል ሰሞን ነበር። ለአትክልት ገበሬ ግን ጃንዋሪ የዘር ማዘዣ ወር ነው። የቃሪያ ችግኝ በፌብሩዋሪ ካልተፈላ ለሜይ አይደርስም። ቢሮው ስልክ አያነሳም። ከእኔ የባሰም ነበር። የመንግሥት ብድር ያለበት ገበሬ እህሉን ሲሸጥ ቼኩ በእሱና በቢሮው ስም ስለሚጻፍ፣ ያለ ቢሮው ፊርማ የሸጠበትን ብር መመንዘር አልቻለም። በጃንዋሪ አጋማሽ አንዳንድ ቢሮዎችን ለሦስት ቀን ከፍተው የቆየ ጉዳይ ብቻ ጨረሱ። አዲስ ብድር ጠያቂው እንደጠበቀ ቀረ።

ያን ዓመት የደረሰልኝ እቁብ ነው። የኔ ዕጣ ገና አልወጣም ነበር። ዕጣው የወጣላቸው አንዲት እናት ችግሬን ሰምተው «ልጄ፣ ዘር ጊዜ አይጠብቅም። አንተ ውሰድ፤ የአንተ ሲወጣ እኔ እወስዳለሁ» አሉኝ። በዚያ ብር ዘር፣ አፈርና የችግኝ ትሪ ገዛሁ። ብድሩ የመጣው ችግኙ ከበቀለ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ። የፌዴራል ብር የእርሻዬ ዋና ማንቀሳቀሻ እንዲሆን አልፈቅድለትም። የዘርና የመሬት ኪራይ ብር በራሴ እጅ፣ በእቁብ ወይም በቁጠባ መኖር አለበት። ያለዚያ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በ2025 ደግሞ የባሰው መጣ። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12፣ 43 ቀን ተዘጋ። በኦክቶበር 23 የካውንቲ ቢሮዎች በየቢሮው ሁለት ሁለት ሠራተኛ ይዘው ተከፈቱ። ሁለት ሰው ለአንድ ካውንቲ ገበሬ ሁሉ ምን ያህል እንደሚደርስ አስቡት። እኔ በዚያ ጊዜ ያልጨረስኩት ወረቀት አልነበረኝም። ከ2019 ወዲህ ማንኛውንም ማመልከቻ የማስገባው ክረምቱ ሳያልቅ፣ ከሴፕቴምበር በፊት ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚያልቀው በሴፕቴምበር 30 ስለሆነ መዘጋት ካለ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ፋርም ቢሉ ራሱም በዚያው ቀን ነው ሲያልቅ የኖረው። የ2018ቱ ሕግ ማብቂያው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ነበር። ኮንግረስ አዲስ ማውጣት አቅቶት እያራዘመ መጣ፤ መጀመሪያ ለ2024፣ በዲሴምበር 2024 ደግሞ ለ2025፣ ከዚያ በኖቬምበር 2025 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026። ጨርሶ የማይተዉት ደግሞ በምክንያት ነው። አዲስ ሕግ ከሌለ ተመልሶ የሚሠራው የ1938ና የ1949 ሕግ ነው። ያ ደግሞ መንግሥት ወተትን ከገበያው በጣም ከፍ ባለ ዋጋ እንዲገዛ ያስገድደዋል። ማራዘም ግን ማደስ አይደለም። ትልልቆቹ ፕሮግራሞች ሲቀጥሉ የራሳቸው ቋሚ በጀት የሌላቸው ትንንሾቹ ይንጠባጠባሉ። በዲሴምበር 2024 ሲራዘም ለገበሬ ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር ተጨምሮ ነበር፤ ወደ 21 ቢሊዮኑ ለአደጋ ጉዳት፣ 10 ቢሊዮኑ እንደ በቆሎና አኩሪ አተር ላሉት ሰብሎች። ትንንሾቹ ፕሮግራሞች ግን በዚያው ማራዘሚያ ውስጥ ብር ሳይመደብላቸው አለፉ።

ስለ ላስቲክ ቤቱ ልንገራችሁ። እዚህ ሃይ ተነል ይሉታል። ቅስት ቅስት ብረት ይተከልና ወፍራም ላስቲክ ይለብሳል፤ ጎንና ጎኑ በእጅ በሚዞር ዘንግ እየተጠቀለለ ይከፈታል። ማሞቂያ የለውም። በሁዳዴ መግቢያ ውጪው መሬት እንደ ድንጋይ ደርቆ እዚያ ውስጥ ጎመኔ አረንጓዴ ነው። ማታ በስስ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፣ ጠዋት ጨርቁን ስገልጥ ቅጠሉ ላይ ጤዛ አለ። የጾም ጎመን የሚፈለገው በዚያ ወቅት ነው። ምግብ ቤቶቹ በሳጥን በሳጥን ያዛሉ። ሱቅ የሚሸጠው ኮላርድ የሚሉት ጎመን ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይበስልም። የአበሻ ጎመን በዚያ ሰዓት ያለው ሰው ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። ያንን ላስቲክ ቤት ያለ ወጪ መጋራቱ ፕሮግራም አልሠራውም ነበር። ኢኩዊፕ ይሉታል፤ የአፈርና የውሃ ጥበቃው ክፍል ነው የሚያስተዳድረው። ከአሥር ዓመት በታች ለሠራ ጀማሪ ገበሬ ከፍ ያለ ድርሻ ይከፍላል።

ደንቡን ግን ልብ በሉ። መጀመሪያ ውል ትፈርማላችሁ። ከዚያ በራሳችሁ ብር ትሠራላችሁ። ሰው መጥቶ ለክቶ ሲያረጋግጥ ይከፈላችኋል። ከውሉ በፊት የተጀመረ ሥራ አይከፈልም። ጀማሪ ገበሬ እስከ ግማሽ ድረስ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ ይችላል፤ ማንም ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ነው የኪሱ ነገር ቁልጭ ብሎ የታየኝ። አንዲት አሜሪካዊት ጎረቤት ገበሬ አለችኝ። ሁለታችንም በአንድ ዓመት፣ በአንድ ቢሮ ነው የተዋዋልነው። የእኔ ላስቲክ ቤት የተያዘው ከመደበኛው የፋርም ቢል ብር ነበር። የእሷ ነፋስ መከላከያ ዛፍና አፈር የሚሸፍን ሰብል ደግሞ የ2022ቱ የዋጋ ንረት ቅነሳ ሕግ ለጥበቃ ሥራ ከጨመረው 19.5 ቢሊዮን ዶላር ላይ ነበር። በ2025 መጀመሪያ አዲሱ አስተዳደር በዚያ ሕግ የመጣውን ብር ለግምገማ ብሎ አገደው። የእኔ ክፍያ ገባ። የእሷ ቆመ። ዛፉን ተክላ፣ በክሬዲት ካርድ ከፍላ፣ ውሉ በእጇ ላይ ተፈርሞ። በፌብሩዋሪ 20 የግብርና ሚኒስትሯ ብሩክ ሮሊንስ ቀድመው ለተፈረሙ ውሎች ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲለቀቅ አደረጉ። ያ ከታገደው ውስጥ ትንሽ ቁራጭ ነበር። ጎረቤቴ በየሳምንቱ እየደወለች፣ በየወሩ ለካርዱ ወለድ እየከፈለች ቆየች። ውላችን ላይ ካለው አንድ መስመር በስተቀር በእኔና በእሷ መካከል ልዩነት አልነበረም። በኋላ የጁላዩ ሕግ ከዚያ ብር የተረፈውን ወደ መደበኛው ፋርም ቢል አዛወረው። ይህን በጎ ነገር ነው የምለው፤ ጥበቃ የሚሠራ ገበሬ ከእንግዲህ ቋሚ መሠረት አለው።

ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ጠይቁ። «ይህ ብር ከየትኛው ሕግ ነው የሚመጣው?» በሉ። ሠራተኞቹ ይነግሯችኋል፤ አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ከላይ የሚመጣባቸውን ነው የሚጠብቁት። የአንድ ጊዜ ብር ከሆነ አትፈርሙ አልልም። ክፍያው ስድስት ወር ቢዘገይ ትችሉታላችሁ ወይ? መልሱ አይ ከሆነ ሥራውን ከፋፍሉት፤ ትንሹን ክፍል ሠርታችሁ አስከፍሉና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ሌላው የደረሰብኝ የሽያጭ ነው። ከኮቪድ በኋላ መንግሥት ለክልሎች ብር እየሰጠ፣ የምግብ ባንኮች ከአካባቢያቸው ትንንሽ ገበሬዎች እንዲገዙ የሚያደርግ ፕሮግራም ነበር። ድንቅ ፕሮግራም ነው ብዬ እከራከራለሁ። ትኩስ ምግብ ለተቸገረ ሰው ይደርሳል፤ ገበሬውም ቁርጥ ያለ ገዢ አለው። እኔም ለአንድ የምግብ ባንክ ጎመንና ቲማቲም አስረክብ ነበር፤ ዋጋው ጥሩ፣ ክፍያው ቶሎ። ለ2025ም ይቀጥላል ተብሎ ተነግሮን ነበር። በማርች 2025 ተሰረዘ። የምግብ ባንኩ ወደ 420 ሚሊዮን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲሁ ከአካባቢ ገበሬ የሚገዙበት ደግሞ ወደ 660 ሚሊዮን፣ በድምሩ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ። ማርች ለእኛ ችግኙ ትሪ ላይ ያለበት ወር ነው። ለእነሱ ብዬ ያፈላሁትን ቲማቲም ምን ላድርገው? ከፊሉን ችግኝ ለሰፈር ሰው ሸጥኩ። የቀረውን ተክዬ ቅዳሜ ገበያ ላይ በወረደ ዋጋ አወጣሁት። አሁን በመንግሥት ብር ለሚገዛ ደንበኛ ከመሬቴ ከሩብ በላይ አልመድብም። በተፈረመ ትእዛዝ እንጂ በተነገረ ተስፋም አልዘራም።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የኖቬምበር 2025ቱ ነው። መንግሥት በመዘጋቱ የወሩ ፉድ ስታምፕ በጊዜው አልገባም። አርባ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ነው የሚጠቀምበት። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ላይ ቆሜያለሁ። በየሳምንቱ ሁለት እስር ጎመንና ቃሪያ የምትወስድ እናት መጣች። ካርዷን ሳታወጣ ጎመኑን ዳሰሰችና መለሰችው። «ዛሬ ካርዱ ባዶ ነው ወንድሜ» አለችኝ። ከኋላዋ ሌላ። ከእሷም ኋላ ሌላ። ሰጠኋቸው። ወገን ሻጮች እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዱቤ ሰጥታችሁ በኋላ ብሩ ሲገባ ፉድ ስታምፑ በሚገባበት በኢቢቲ ካርዱ ማስከፈል ክልክል ነው፤ ፈቃዳችሁን ሊያስነጥቃችሁ ይችላል። መስጠት ከፈለጋችሁ በነፃ ስጡ፣ ወይም በኋላ በጥሬ ብር ይክፈሏችሁ።

ያ የመዘጋት ችግር ከቢሮዎቹ መከፈት ጋር አለፈ። የማያልፈው የጁላዩ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ስደተኛ (ሪፊውጂ) ሆነው የመጡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ፉድ ስታምፕ የማግኘት መብታቸው ተነስቷል። ይህ በቀጥታ የእኛ ጉዳይ ነው። በየቤተ ክርስቲያናችንና በየመስጊዳችን እንዲህ ያለ ሰው አለ። በሕግ መጥቶ፣ ወረቀቱ ተፈቅዶለት፣ እየሠራ ኪራይ ከፍሎ ለምግብ የማይተርፈው። ይህ ልክ አይደለም። ልክ አለመሆኑን ለምክር ቤት ተወካያችሁ ቢሮ ደውላችሁ ንገሩ። ተወካዩ በሚመረጥበት ዲስትሪክት ውስጥ ያላችሁ ገበሬ ወይም ነጋዴ ከሆናችሁ ያንንም ጨምሩ፤ «የእርሻዬ ሽያጭ ይህን ያህል ቀንሷል» የሚል ስልክ ይመዘገባል። የጎደለባችሁ ደግሞ ራሳችሁን አትደብቁ። ግሪን ካርድ ማመልከት የደረሰለት ሰው ዛሬ ነገ ሳይል ያመልክት።

አሁን ጀማሪ ለሆነ ሰው ከየት እንደሚጀመር ልንገራችሁ። የካውንቲያችሁን የግብርና ሚኒስቴር፣ ዩኤስዲኤ የሚሉትን፣ ቢሮ ፈልጉ። ኤፍኤስኤ የሚባለው የብድርና የዋስትና ክፍልና ኤንአርሲኤስ የሚባለው የጥበቃ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሕንፃ ናቸው። መጀመሪያ የእርሻ ቁጥር አውጡ። መሬቱ የእናንተ መሆን የለበትም፤ የኪራይ ውል ይበቃል። መታወቂያና የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የንግድ ግብር ቁጥር ያዙ። ቢሮ በሄዳችሁ ቁጥር «የአገልግሎት ደረሰኝ» ጠይቁ፤ ምን ጠይቃችሁ ምን እንደተመለሰላችሁ የተጻፈበት ወረቀት ነው፣ መስጠት ግዴታቸው ነው። ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ አድኖኛል። ሠራተኛ ሲቀየር፣ ሕግ ሲለወጥ፣ «በዚህ ቀን ጠይቄ ነበር» የምትሉበት ማስረጃ እሱ ነው።

አነስተኛ ብድሩ ለሥራ ማስኬጃ እስከ 50,000 ዶላር፣ ለመሬት ደግሞ ሌላ 50,000 ድረስ ነው። ወረቀቱ ከትልቁ ብድር ይቀላል። ዜግነት ወይም ሕጋዊ ነዋሪነት ይጠይቃል። የእርሻ ልምድም ይጠይቃል፤ ልምድ ካለው ገበሬ ጋር መሥራት ወይም እሱን አማካሪ አድርጎ መያዝ ይቆጠራል። አገር ቤት በሬ ጠምዳችሁ ከሆነ እሱንም ጻፉ።

የጉዳት ዋስትናውን አትናቁት። ናፕ ይሉታል። ጎመን ወይም ቃሪያ መደበኛ ኢንሹራንስ በማይሸጥበት ካውንቲ የምታመርቱ ከሆነ ለእናንተ ነው። ክፍያው በሰብል 325 ዶላር ነው፤ ጀማሪና አቅመ ደካማ ገበሬ ግን ከዚያ ነፃ ነው። መሠረታዊው ሽፋን ከግማሽ በላይ ምርት ሲጠፋ፣ የገበያውን ዋጋ 55 በመቶ ነው የሚከፍለው። ብዙ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ዘር ግን ይገዛል። ቀነ ገደቡ በየሰብሉ ይለያያል፣ ቢሮው ዝርዝሩን ይሰጣችኋል። የዘራችሁትን በወቅቱ አስመዝግቡ። በእጅ ለሚለቀም ሰብል ጉዳት ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ። በረዶ ከመታው ጠዋቱኑ ፎቶ አንሱና ደውሉ። መጀመሪያ ጠርጌ ልጨርስ አትበሉ፤ ማስረጃው የወደቀው ተክል ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ ከእኛ ሰው ብዙም የሚያውቀው የለም። እያንዳንዱ ካውንቲ ወይም አካባቢ ገበሬዎች ራሳቸው የሚመርጡት ኮሚቴ አለው። አባላቱ ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ሲሆኑ ለሦስት ዓመት ነው የሚመረጡት። የዋሽንግተኑ ሕግ በአካባቢው እንዴት እንደሚተገበር ከሚወስኑት ውስጥ ናቸው፤ የጉዳት አቤቱታም እነሱ ጋ ይደርሳል። እዚያ ወንበር ላይ ጎመን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቢኖር የምርት ግምታችን በበቆሎ ዓይን አይታይም ነበር። የእርሻ ቁጥር አውጥታችሁ በፕሮግራሞቹ ከተሳተፋችሁ የምርጫ ወረቀቱ በኖቬምበር በፖስታ እስከ መኖሪያችሁ ድረስ ይመጣል፤ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ መመለስ አለበት። ማስታወቂያ መስሏችሁ እንዳትጥሉት። ፖስታው ላይ መፈረም ያስፈልጋል፣ ካልተፈረመ አይቆጠርም።